መልስ፦ የወር አበባን ከሰርግ ቀን ማሳለፍ

እህቴ፣ የወር አበባሽን ከሰርግሽ ቀን ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ሰርግሽ ጥር 16፣ የወር አበባሽ የሚጠበቀው ጥር 14 ከሆነ ማዘግየት ይቻላል። ለዚህ የሚታዘዘው ኖርኤቲስተሮን የሚባል የሆርሞን ክኒን፣ 5 ሚሊግራም ነው፤ በቀን 3 ጊዜ፣ በየ8 ሰዓቱ አንድ አንድ ፍሬ። ከሚጠበቅበት ቀን 3 ቀን ቀድሞ ይጀመራል፤ ላንቺ ጥር 11 ማለት ነው። እስከ ጥር 19 ከወሰድሽ 27 ፍሬ ይበቃሻል። ካቆምሽ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ይመጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ደም ካዩ በኋላ ሲጀምሩ ነው። ያኔ የማህፀኑ ሽፋን መፍረስ ስለጀመረ ክኒኑ ላያቆመው ይችላል። የቀኑን ፍሬ መርሳትም አለ፤ የሆርሞኑ መጠን ሲወርድ ጠብታ ይታያል። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ደወል ሙዪ። ፖስት ፒል (የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያ) ግን ለዚህ አይሆንም፣ ዑደትሽን ያዛባዋል።

28 ፍሬ ያለውን የተለመደውን ጥምር የእርግዝና መከላከያ ክኒን እየወሰድሽ ከሆነ ሌላ መድኃኒት አያስፈልግሽም፤ 7ቱን ቡናማ የብረት ክኒኖች ዘለሽ አዲሱን እሽግ ቀጥዪ። ኖርኤቲስተሮኑን ግን እርግዝና ይከላከልልኛል ብለሽ እንዳትተማመኚበት።

እባክሽ ከመግዛትሽ በፊት ሐኪም አማክሪ። ኖርኤቲስተሮን በሰውነት ውስጥ ከፊሉ ኤስትሮጅን ወደሚባለው የሴት ሆርሞን ስለሚለወጥ የደም መርጋት አደጋን ሊጨምር ይችላል። አንቺ ወይም የቅርብ ቤተሰብሽ የደም መርጋት ካጋጠማችሁ፣ የጡት ካንሰር ወይም የጉበት ሕመም ካለብሽ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ካየሽ ወይም እርግዝና ከጠረጠርሽ አትጀምሪ። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ አቁመሽ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።