የፍሬን መብራት ጥያቄና መልስ፦ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት መያዣውን እዩ

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ ማታ የምመልሰው ስለቆዩ መርሴዲሶች የኋላ መብራት፣ በተለይም ስለፍሬን መብራት ነው። የሠራሁት ደብሊው 123፣ ደብሊው 124፣ ደብሊው 126 እና ደብሊው 210 ላይ ስለሆነ ስለእነሱ ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የጠፋው መብራት የትኛው እንደሆነና ዳሽቦርዱ ላይ ምን እንደበራ ጻፉ። ከአሁኑ አንድ ነገር ልናገር፦ አሮጌውን አምፖል በእጃችሁ ሳትይዙ ሶማሌ ተራ አትሂዱ።

ከለገጣፎ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። መኪናዬ ደብሊው 124፣ የ1991 ሞዴል ነው። የግራው የፍሬን መብራት አይበራም፤ ቀኙ ይበራል። ፍሬን ስረግጥ ዳሽቦርዱ ላይ የአምፖል ምልክት ይመጣል፤ ሞተር እስካጠፋ ድረስም አይሄድም። ራሴ ልቀይረው ወይስ ኤሌትሪሻን ልጥራ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሸህ። ጥያቄ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ራስህ ትቀይረዋለህ። ኮንታክቱን አጥፋ፣ የኋላ ኮፈኑን ክፈት፣ በግራ በኩል ያለውን የውስጥ ሽፋን ግለጥ። አምፖሎቹ በሙሉ የተሰኩበት የፕላስቲክ ሰሌዳ ይታይሃል። በእጅ የሚፈታ ነው፤ ስትለቀው ከነአምፖሎቹ ወደ አንተ ይመጣል። ከውጭ ቀዩን ፕላስቲክ ለመፈልቀቅ ካቻቢቴ የሚያስገባ ሰው ካየህ አስቁመው። ያ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ደህናውን ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው።

አምፖሉን ወደ ውስጥ ጫን፣ ወደ ግራ አዙር፣ ሳብ። ወዲያው አትጣለው፤ ወደ ብርሃን አንሳና ተመልከተው። መስታወቱ ከጠቆረ ዕድሜውን ጨርሷል። ውስጡ ነጭ ዱቄት የነፋበት ከመሰለ አየር ገብቶበታል። መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር ብቻ ከተበጠሰች በመንቀጥቀጥ ነው፤ ኮብልስቶንና ፒስታ ላይ የሚውል መኪና ይህን አያጣም። ክሯ ደህና ከሆነችስ? ያኔ ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ አዲስ ብትገዛም ገንዘብህን ነው የምታባክነው። መያዣውን እይ፤ ነሐሱ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ታገኘዋለህ።

የአምፖሉ ቂጥ ላይ 12 ቮልት 21 ዋት የሚል ጽሑፍ አለ። የምትገዛው ያንኑ ነው። ግራና ቀኙን አብረህ ቀይር፤ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ ይሁኑ። የዚህ መኪና መቆጣጠሪያ የግራውንና የቀኙን ኤሌክትሪክ ያመዛዝናል። አንዱ ያረጀ ሌላው አዲስ ሲሆን ሁለቱም እየበሩ ምልክቱ ሊመጣብህ ይችላል።

ከቡራዩ፦ መብራቴ አንዳንዴ ይበራል አንዳንዴ ይጠፋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የቱ መብራት? የምን መኪና? ስንት ሞዴል? ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ከገላን፦ ጋሼ፣ ደብሊው 124 ነው፣ 1989። አምፖል ግዛልኝ ብዬ የላክሁት ልጅ ታችኛው ጫፉ ላይ ሁለት ነጥብ ያለው አምፖል አመጣልኝ። አልገባ ሲል ሰፈር ያለ መካኒክ በፒንሳ ጎኑን ቆንጥጦ አስገባው። አሁን ይበራል፣ ግን ፍሬን ስይዝ ደብዛዛ ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ትልቅ ችግር አለው። ዛሬውኑ አስወጪው። ያመጣልሽ ፒ 21/5 ደብሊው የሚባለውን ነው፤ ሁለት ክር አለው፣ አንዱ 21 ዋት ሌላው 5 ዋት። ያንቺ ፍሬን መብራት የሚፈልገው ፒ 21 ደብሊው፣ ባለአንድ ክሩን ነው። የባለአንድ ክሩ ሁለት የጎን ጆሮዎች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፤ የባለሁለቱ ግን አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይላል። ፋብሪካው ከፍታውን የለያየው አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ብሎ ነው። ያ መካኒክ በፒንሳ የሰበረው ይህንን መከላከያ ነው።

21 ዋቱ ክር 440 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጣል፤ 5 ዋቱ 35 ሉመን ብቻ። ከአሥር እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው። ከኋላሽ ያለው የሲኖትራክ ሾፌር ቃሊቲ መንገድ ላይ ያንን ደብዛዛ ሲያይ ፓርኪንግ አብርተሽ የምትሄጂ ይመስለዋል እንጂ ፍሬን መያዝሽን አያውቅም። መያዣውም በፒንሳ ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ነሐሱን አስተካክለሽ አዲሱን አስገቢ። ደግሜ እላለሁ፦ አሮጌውን አምፖል ይዛችሁ ሂዱ። ሌላ ሰው ስትልኩም አምፖሉን ስጡት።

ከአስኮ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ ግን እነዚህን አምፖሎች ትቼ ኤልኢዲ አስገብቼ ተገላግያለሁ። ደምቆ ይበራል፣ አይቃጠልም። ለምን ሰው በድሮ አምፖል ይሠቃያል?

ከኮዬ ፈጬ፦ እኔም ኤልኢዲ አስገብቼ ዳሽቦርዱ ላይ ምልክቱ በርቶ ቀረ። አንተ አልበራብህም?

ከአስኮ፦ በርቶ ነበር። ሬዚስተር፣ ማለት በአምፖሉ ፋንታ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ዕቃ፣ አሳሰርኩበትና ምልክቱ ጠፋ። ደግሞ ኤልኢዲ ቶሎ ይበራል፤ ክሩ እስኪግል 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል ይባላል። በፈጣን መንገድ ላይ ብዙ ነው።

መልስ፦ ቶሎ መብራቱ እውነት ነው፣ አልክድም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 0.2 ሰከንድ ከ5 ሜትር በላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በፈጣኑ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ትርጉም አለው። ግን ቀሪውንም ስማ።

ያ የኋላ መብራት የተሠራው ብርሃኑ ከመሐል ካለች ክር ወጥቶ በዙሪያው ካለው አንጸባራቂ እንዲመለስ ተብሎ ነው። ገበያው ላይ ያለው ኤልኢዲ ብዙው ወደ አንድ አቅጣጫ ይረጫል፤ ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው ደማቅ ነው፣ ወደ ጎን ራቅ ስትል ግን የለም። ነጭ ኤልኢዲ በቀይ ፕላስቲክ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ ይገረጣል።

ሬዚስተሩ ከሁሉም ይብሳል። አምፖሉ 1.75 አምፔር ገደማ ይወስድ ነበር፤ ኤልኢዲው ከዚያ ትንሹን ነው የሚወስደው። የቀረውን ሬዚስተሩ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ባለ 6 ኦሙ ሞተር እየሠራ 30 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በትራፊክ ፍሬን ይዘህ ስትቆም ያ ሙቀት የት ይሄዳል? ኮፈኑ ውስጥ ከፕላስቲክና ከምንጣፍ ጋር የታሰረ ሬዚስተር ተቃጥሎ አይቻለሁ። ሽቦ አትቁረጡ። ይህንን ስንት ጊዜ ልበል? የፋብሪካውን ሽቦ አትቁረጡ።

ከአስኮ፦ የእኔ እስካሁን ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ኮፈኑን ክፈትና ሬዚስተሩ የተጠጋበትን ፕላስቲክ ቀለም እይ። ከዚያ እንነጋገር።

ከሱሉልታ፦ እንደምን አመሻችሁ። መኪናዬ ደብሊው 210፣ የ1998 ነው። ማታ መብራት አብርቼ ፍሬን ስይዝ የቀኙ የኋላ መብራት እንደመደብዘዝ ይላል፤ የኋላ ማርሽ መብራቱ ሳይቀር ጭል ጭል ይላል። አምፖሎቹን ሁሉ ቀይሬያለሁ። ያው ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ወንድሜ፣ አምፖሎችህ ደህና ነበሩ። የጠፋብህ ኔጌቲቩ ነው።

በዚያ ሰሌዳ ላይ ያሉት አምፖሎች በሙሉ ፖዘቲቭ የሚመጣላቸው ለየብቻ ነው፤ ወደ ቦዲው የሚመለሱት ግን በአንድ ኔጌቲቭ ነው። ያ አንድ መገናኛ ሲዝግ ወይም ሲላላ ኤሌክትሪኩ መውጫ ያጣል። መውጫ ሲያጣ ዝም ብሎ አይቆምም፤ በጎረቤት አምፖል ክር በኩል ወደ ኋላ አልፎ በሌላ መንገድ ኔጌቲቭ ይፈልጋል። የማርሽ መብራትህ ጭል ጭል ያለው የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በእሱ ክር ውስጥ እያለፈ ስለሆነ ነው። አንዱን ስታበራ ሌላው ከተነካ፣ ሌላ ምርመራ ሳትጀምር ኔጌቲቩን እይ።

ሶኬቱን ከሰሌዳው ንቀለው። ከእግሮቹ አንዱ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ቀልጦ ታገኛለህ፤ ኔጌቲቩ እሱ ነው። ልል መገናኛ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይሞቃል። ገና ቀለሙን ብቻ የቀየረ ከሆነ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አብሰው፣ የሴቴውን ጆሮ ጠበቅ አድርግ፣ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ንፋበት። ከቀለጠ ግን ማጽዳት አያድነውም፤ የሶኬቱን ጫፍና ሰሌዳውን መቀየር ነው። ሽቦው ቦዲው ላይ በብሎን የታሰረበትንም ፈትተህ አጽዳ።

ይህ የአሮጌ መኪና በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከ2008 እስከ 2011 ሞዴል የሆኑ ሩብ ሚሊዮን ያህል የመርሴዲስ ሲ-ክላሶች ለጥገና የተጠሩት በዚሁ በኋላ መብራት ኔጌቲቭ መገናኛ ምክንያት ነው።

አንተ ደግሞ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ የምትወርድ ሰው ነህ። ክረምት ላይ ማታ ያ ቁልቁለት በጉም ተሸፍኖ ከፊትህ ያለው መኪና የሚታይህ በኋላ መብራቱ ብቻ ነው። አንተም ከኋላህ ላለው እንደዚያው ነህ። በደበዘዘ መብራት እዚያ አትውረድ። ነገ በቀን ሠርተህ ጨርሰው።

ከሰበታ፦ ጋሼ፣ የእኔም ግራው የፍሬን መብራት አይበራም፣ ቀኙ ይበራል። ደብሊው 124። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብብ። ከነመልሱ እዚያ አለልህ።

ከካራ፦ ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ መምህር ነኝ። መኪናዬ 1982 ሞዴል ደብሊው 123 ናት። ሁለቱም የፍሬን መብራቶች በአንድ ቀን ጠፉ። አምፖል ለሁለቱም ልግዛ?

መልስ፦ አባቴ፣ እንደምን አመሹ። አይግዙ። ሁለት አምፖል በአንድ ቀን አብሮ የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው። መጀመሪያ ፊውዝ ይዩ። በእርስዎ መኪና ፊውዞቹ በሁለት በኩል ሹል የሆኑ፣ በጥይት ቅርጽ የተሠሩ ናቸው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25 ነው። ክሩ ሳይቃጠልም ጫፉ ስለሚዝግ ብቻ ሊያቋርጥ ይችላል። መኪናውን አጥፍተው በጣትዎ እዚያው መያዣው ውስጥ ጥቂት ጊዜ ያሽከርክሩት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ መብራቱን ይመልሰዋል። ከተመለሰ የነሐሱን ዓይነት ገዝተው ይቀይሩት፤ የአሉሚኒየሙ ቶሎ ይዝጋል። የተቃጠለ ከሆነ በዚያው ቀለም ይተኩ። የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የሚመልስልዎት ሰው ካለ እሺ አይበሉት፤ ፊውዙ በመቃጠል ፈንታ ሽቦው ይቃጠላል።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለው ማብሪያ ነው። እሱን ለማየት መታጠፍ ለወገብ ከባድ ስለሆነ ለልጆች ያሳዩት።

ከአያት፦ ደብሊው 210 ላይ የቢኤኤስና የኢኤስፒ (የፍሬን ማገዣውና የመንሸራተት መከላከያው) ምልክት በራ። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል። ያው የፔዳሉ ማብሪያ ለኮምፒውተሩም ፍሬን መያዝህን ስለሚናገር፣ ሲበላሽ እነዚህ ምልክቶች ይመጣሉ። ዋጋው ከኮምፒውተር ምርመራ ስለማይበልጥ መጀመሪያ እሱን እይ።

ከጀሞ፦ ቢኤምደብሊው ኢ 34 ላይ...

መልስ፦ አልሠራሁበትም። የሠራበትን ጠይቅ።

ከዱከም፦ አምፖሉን በባዶ እጅ መንካት ያቃጥለዋል ይባላል። እውነት ነው?

ከለገጣፎ፦ አዎ፣ በጨርቅ ነው የሚያዘው። ጣት ከነካው ይፈነዳል።

መልስ፦ ያ ለፊት መብራት ሃሎጂን ነው። የእሱ መስታወት በጣም ስለሚግል የጣት ቅባት ይጎዳዋል። የፍሬን አምፖል ተራ መስታወት ነው፤ ከነካኸው ጠረግ አድርገህ ሰካው።

ከገላን፦ አሁን የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የእነዚህ መኪኖች ዋጋ ይጨምራል ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ እኔ መብራት ነው የምሠራው እህቴ። አምፖሏን አወጣሻት?

ከገላን፦ ነገ ጠዋት።

መልስ፦ እስከዚያ አትንጂያት።

ከሳንሱሲ፦ ለቦሎ ምርመራ ነገ እሄዳለሁ። ብቻዬን ነኝ፤ የፍሬን መብራቱ መሥራቱን ማን ያይልኛል?

መልስ፦ ሲመሽ መኪናህን ወደ ግቢህ ቆርቆሮ በር ጀርባዋን አስጠግተህ አቁም። ፍሬን ስትረግጥ በሩ ላይ የሚያርፈውን ቀይ ብርሃን በመስታወት ተመልከት። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት። በቀን ከሆነ አንድ እንጨት በፔዳሉና በመቀመጫው መካከል ወጥረህ ውረድና ዞረህ እይ። ፓርኪንጉን አጥፍተህ አንድ ጊዜ፣ አብርተህ አንድ ጊዜ፤ የኔጌቲቭ ችግር የሚታየው ሲበራ ነው።

ከቡራዩ፦ ጋሼ ተመልሻለሁ። ደብሊው 124፣ 1993፣ የቀኙ ፍሬን መብራት። ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ይበራል፣ ሲቆም ይጠፋል። ኮፈኑ ውስጥም የዝናብ ውኃ አለ።

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ውኃው የሚገባው በመብራቱ ዙሪያ ባለው ጎማ ነው፤ ደርቆ ተሰንጥቋል። መያዣውን ያዛገውም እሱ ነው። መጀመሪያ የመብራቱን ጎማ ቀይር፣ ከዚያ መያዣውን አጽዳ። አምፖሉን ተወው፣ ደህና ነው።

ለዛሬ ይብቃኝ፣ ጠዋት ሥራ አለኝ። ደህና እደሩ።