ቀለበትሽን ይዘሽ ግቢ፦ ሐሙስ ኢንተርቪው ላለሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ልጆቼን አስተኝቼ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ በኋላ እኔን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አካውንቲንግ ተምረሽ ሁለት ዓመት ሠርተሻል፣ ከወለድሽ በኋላ ቤት ቆይተሻል፣ አሁን ደግሞ አንድ የግል ድርጅት ለሐሙስ ኢንተርቪው ጠርቶሻል። የአክስትሽ ልጅ «ልጅ አለኝ እንዳትዪ፣ መልሱን ከዩቲዩብ ሸምድጂ» ብላሻለች፤ አንቺ «ሳልዋሽ፣ ሌላ ሰውም ሳልሆን እንዴት ልዘጋጅ?» ነው ያልሽን። ከላይ «ራስሽን ሁኚ» ብላችሁ ቀይ ልብ ለጥፋችሁ ያለፋችሁ እህቶች አትቀየሙኝ፣ ይሄ መልስ አይደለም። እኔ ዝም ብዬ ራሴን ብቻ ሆኜ ብገባ የሚያዩት ላብ ያጠመቃት፣ ስሟን ስትናገር የምትንተባተብ ሴትዮ ነው።

ስለ ልብስና ስለ ሰዓት ማክበር ሌሎች ነግረውሻል፤ እሱን ልለፈው።

1. የሰው መልስ አትሸምድጂ። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍሉን ወክዬ ከፈታኞቹ ጋር እቀመጣለሁ። «ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?» ስንል የሚመጣልን መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ ሥራዬ ፍጹም ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም። የመጀመሪያው ሲለው እንጽፋለን፣ አራተኛው ሲደርስ እርስ በርስ እንተያያለን። አንዱ ልጅማ በእንግሊዝኛ ዳዊት እንደሚደግም ተማሪ ሲያንበለብል ቆይቶ መሃል ላይ አንድ ነገር ብንጠይቀው ጠፋበት፤ ከመጀመሪያው ካልጀመረ መቀጠል አልቻለም። ጎበዝ ልጅ ነበር እኮ፣ የጽሑፍ ፈተናውን በደንብ ነው የሠራው። አሳዘነኝ።

ይልቅ ደብተር ያዢና በሁለቱ ዓመት በእጅሽ ያለፈውን ጻፊ። ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚቀመጠውን ገንዘብ) ይዘሻል? ደመወዝ ሠርተሻል? ባንክ ሪኮንሲሌሽን ላይ፣ መዝገባችሁን ከባንኩ ጋር ስታመሳክሪ፣ ያልገጠመ ሒሳብ አጋጥሞሽ ያውቃል? እንዴት አገኘሽው፣ ለማን ተናገርሽ፣ መጨረሻው ምን ሆነ? እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ታሪኮች ካሉሽ የትኛውንም ጥያቄ ትመልሺባቸዋለሽ፤ የኖርሽበት ስለሆነ ደግሞ አይጠፋብሽም። እኛ አገር ራስን ማሞገስ ነውር ሆኖ ስላደግን የለፋነውን ሁሉ ለአለቃችን እንሰጣለን። «እሳቸው ረድተውኝ ነው» ብለሽ ብትጨርሺ ፈታኙ ቅጹ ላይ የሚሞላልሽ ነገር የለውም። አለቃሽን አመስግኚ፣ ግን አንቺ የሠራሽውን ለይተሽ ተናገሪ።

2. ቁጥሮችሽን አድሺ። አንቺ ቤት ስትቀመጪ ሕጉ አልተቀመጠም። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ወጥቷል፤ የግብር ማስከፈያ መደቦቹም ተቀይረዋል። ጡረታው ያው ነው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። «የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ይኼ ነው፣ የተጣራውን አውጪ» ብለው ወረቀት ይሰጡሻል፤ በድሮው ሠንጠረዥ ከሠራሽ «ከሥራ ርቃለች» የሚለውን በራስሽ እጅ ጻፍሽላቸው ማለት ነው። ኤክሴልና ፒችትሪም (የሒሳብ ሶፍትዌሩን) አንድ ምሽት ከፍተሽ ነካክተሽ ሂጂ፤ ጣት ይረሳል።

3. የልጁ ነገር። የአክስትሽ ልጅ የመከረችሽን እኔም ተመክሬያለሁ፣ ያውም ኢንተርቪው በር ላይ። አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ድርጅቱን አልጠራውም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረሱ ተብለን ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን። እስከ ምሳ ሰዓት ይቅርታ ያለን ሰው የለም። ጸሐፊዋማ ሽንት ቤት የት ነው ብላ የጠየቀቻትን ልጅ «ለሠራተኛ ብቻ ነው» ብላ መለሰቻት (እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል)። አጠገቤ ያለችው ልጅ ጣቴን አየችና ጠጋ ብላ «ቀለበትሽን አውልቂው፣ ሰብሳቢው ባለትዳር አይወድም» አለችኝ። የእሷ ቦርሳዋ ውስጥ ገብቷል። ሌላዋ ስልኳ ላይ ያለውን የልጇን ፎቶ በአበባ ስትቀይር አየኋት።

እኔ አላወለቅኩም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ከወለድኩ በኋላ ጣቴ ወፍሮ ያለ ሳሙና አይወጣም ነበር። ቢወጣም ግን የማወልቀው አይመስለኝም።

ገባሁ። ሰብሳቢው ሲቪዬን አላነበበውም፤ ስልኩን እየነካካ «ባለትዳር ነሽ?» አለ። ነኝ አልኩ። «ልጅስ?» አለኝ አልኩ። «ሌላ ለመውለድ ታስቢያለሽ?» ስለ ሒሳብ እስካሁን አንድ ቃል አልተነሳም። «ስለሱ ከባለቤቴ ጋር ገና አልተነጋገርንም፤ ከእናንተ ጋር ልጀምረው አልችልም» አልኩት። ጥግ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሰብሳቢው «እንደውልልሻለን» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እየደወለ ነው።

ባለቤቴ ሥራ ሲቀይር ልጅ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አባት ሲሆን ሕጉ የሚሰጠው 3 ቀን ነዋ፤ ለእኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል፣ እነሱም የሚያሰሉት እሱን ነው። ይሄው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሴትን በጾታዋም ሆነ በጋብቻዋ ለይቶ መበደልን ይከለክላል፤ እርግዝናም ሆነ የቤተሰብ ኃላፊነት ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ጽፎታል። ኢንተርቪው ላይ አዋጅ አንቀጽ ጥቀሺ አልልሽም፣ ያኔ ፍርድ ቤት እንጂ ሥራ አይሆንም። ግን እያወቅሽ ስትገቢ አንገትሽ ቀና ይላል።

ቀለበቷን ያወለቀችው ልጅ ተቀጠረች። በኋላ ጓደኛሞች ሆነናል። አልፈርድባትም፤ የቤት ኪራይ የሚባል ነገር አለ። የሙከራ ጊዜው በሕግ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥምና እሱ እስኪያልፍ ብቻ ነበር ያሰበችው። ግን ካለፈ በኋላ «ለካ ልጅ አለኝ» ተብሎ እንዴት ይጀመራል? ልጇ ትኩሳት በያዘው ቁጥር አንድ አክስት ትቀብራለች። ቢሮ ስልክ ሲደወልላት ደረጃ ላይ ወጥታ ነው የምታነሳው። ሁለተኛውን ስታረግዝ የወሊድ ፈቃዷን ከልክለዋት አይደለም፣ ሰጥተዋታል፤ ሰብሳቢው ግን በሰው ፊት «አንቺ አላገባሁም ብለሽን አልነበር?» አላት። ከዚያ ወዲያ የወሩ ሒሳብ ሳይዘጋ ዘገየ ቢባል፣ ሒሳብ ጎደለ ቢባል መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ሆነች። ገንዘብ ለሚይዝ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ለቀቀች።

ስለዚህ ሐሙስ ከመሄድሽ በፊት የምትዪውን ወስነሽ ሂጂ። ሳይጠይቁሽ ስለ ልጅ አታውሪ፣ ግዴታ የለብሽም። ሲቪሽ ላይ ያለውን ክፍት ጊዜ ግን መጠየቃቸው አይቀርም፣ እሱም መብታቸው ነው። «ወልጄ ነበር፣ አሁን ልጁ አንድ ዓመት አልፎታል፣ የሚይዝልኝ ሰው አለ» በቂ ነው፤ አትቅለስለሺ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። እኔ አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ኃላፊዋ ስትጠይቀኝ ይሄንኑ ነው ያልኩት፤ አክዬ ደግሞ ቤት ሳለሁ የወንድሜን የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ እንደያዝኩ፣ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክሱን እንዳሳወቅኩ፣ ወንድሜ ለጓደኞቹ በዱቤ የሚበትነውን ሲሚንቶ እንዴት በደረሰኝ እንዳስያዝኩት ነገርኳት። ያንን ስነግራት ብዕሯን አነሳች። አንቺም ቤት ሆነሽ ዕቁብ ጸሐፊ ነበርሽ? የዕድር ሒሳብ ይዘሻል? እንዳትንቂው።

ቁጥሬ ጠፋብኝ፣ 4 መሰለኝ። ማስታወቂያው ላይ «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል አይደል? የሚስማሙት እነሱ ናቸው፤ አንቺ የምትሰሚው ውጤቱን ነው። «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚባለውን መልስ ተዪው፣ ዝቅተኛውን ይሰጡሻል። ለሞግዚት የምትከፍዪውን፣ የታክሲውን፣ የምሳውን ደምሪና ከዚህ በታች አልሠራም የምትዪውን ቁጥር ይዘሽ ግቢ። ስትናገሪ ያልተጣራ (ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰለት) መሆኑን ግለጪ። እነሱም ቁጥር ከነገሩሽ የተጣራ ነው ያልተጣራ፣ የትራንስፖርት አበል በውስጡ ነው ለብቻው ብለሽ ጠይቂ። አይቆጡም፤ ከተቆጡም አሁን መቆጣታቸው ይሻልሻል።

እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ። ያልገባሽን «ይድገሙልኝ» በይ፣ የማታውቂውን «ይሄን አልሠራሁበትም» በይ። ከጠረጴዛው ወዲህ ሆኜ የምነግርሽ ነው፣ አላውቅም ያለችን ልጅ ቀጥረን እናውቃለን።

የድሮ መሥሪያ ቤትሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ካልሰጠሽ ነገውኑ ሂጂ፤ የሥራውን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን ጽፎ በነጻ መስጠት ግዴታው ነው። የሥራ ግብር መከፈሉም እንዲጻፍልሽ ጠይቂ፣ ብዙ ቦታ ያለሱ ልምድ አይቆጥሩልሽም። ኦሪጅናል ዲግሪሽን አሳይተሽ መልሰሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ «እኛ ጋ ይቀመጥ» ካሉሽ ኮፒውን ስጪያቸው፣ ኦሪጅናሉን ለማስመለስ ስንት ወር ደጅ የጠናች ሴት አውቃለሁ። የደመወዝ ስሌት መለማመጃ ወረቀት አለኝ፣ ኢንቦክስ በዪኝና ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ፤ ግን ከማታ 3 ሰዓት በፊት አላይም፣ ልጆቹ አያስነኩኝም።