ጅማ ላይ የልጆች ድግስ አቅራቢዎችን ባዛር ለምታዘጋጂው እህቴ፦ የአዳራሹን ኪራይ ከመክፈልሽ በፊት

እህቴ፣ ኬክ ጋጋሪዎችን፣ በፊኛ የሚያስጌጡትን፣ የልጆች መጫወቻና ድንኳን አከራዮችን በአንድ ቦታ የሚያሰባስብ ባዛር በጅማ ልታዘጋጂ አስበሽ «ለሦስት ቀን የሚከራይ ጥሩ አዳራሽ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንዲህ ያለውን ባዛር እዚሁ ጅማ አዘጋጅቼ ተሳክቶልኛል፤ የተሳካው ግን አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ማስታወቂያ ሌሎች የነገሩሽን አልደግምም። ያልነገሩሽን በተራ ቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. ከአዳራሹ በፊት ቀኑን ምረጪ። ሰኔ ላይ የሕፃናት ምረቃ ስላለ ብዙዎች ሰኔን ይመክሩሻል፤ የጅማን ዝናብ ግን ታውቂዋለሽ፣ መጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ አይለቅም። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከዚያም ውስጥ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ኬክ ግማሹ ጎብኚ አይቀምስልሽም። ጥምቀት ካለፈ ደግሞ ሠርግ ነው። ልደት የሚያስጌጡት ሰዎች ሠርግም የሚያስጌጡት እነርሱው ስለሆኑ ቅዳሜና እሑድ አንዳቸውንም አታገኚም፤ የድንኳንና የወንበር ኪራይም ጣሪያ ይነካል። የምትተርፍሽ ከገና እስከ ጥምቀት፣ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለችው ጊዜ ናት። ጾሙ ተፈትቷል፣ ሠርገኛው ገና አልተነሣም፣ የቡናው ለቀማም ስላለቀ በሰው እጅ ገንዘብ አለ። የቡና ገንዘብ ሳይገባ ለልጁ ልደት ቀብድ የሚከፍል ወላጅ በእኛ ከተማ እምብዛም ነው። የረመዳንንም ቀን አስቀድመሽ አስቢ። በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም ጥር ውስጥ ይገባል።

2. አዳራሽ የምትጠይቂበትን ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ አጽፈሽ ውሰጂ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና «አስተርጉመሽ ተመለሺ» ተብለሽ ቀንሽን አታቃጥዪ። የግድግዳ ማስታወቂያው ግን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን። ደብዳቤው ላይ «ይፈቀድ» ተብሎ ስለተመራ ብቻ አዳራሹ የአንቺ ሆነ ማለት አይደለም፤ እኔን ያቃጠለኝ ይኸው ነው።

የመንግሥት አዳራሽ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ኪራዩን በሙሉ ከፍዬ ደረሰኙን ይዣለሁ፤ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም አለኝ። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ አስጭነን ስንደርስ ዘበኛው «ነገ እኮ ስብሰባ አለ» አለን። ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «ስብሰባው ከላይ የመጣ ነው» አሉኝ። ለምን አልነገራችሁኝም ብዬ ብጠይቅ «እናንተ ለምን መጥታችሁ አላረጋገጣችሁም?» አሉ። ስልክ ቁጥሬ ፊታቸው ባለው ማመልከቻ ግርጌ በጉልህ ተጽፏል! ገንዘቤስ ስል መልሱ ከሒሳብ ክፍል መጣ፤ «ገቢ የሆነ ገንዘብ አይመለስም፤ በሌላ ቀን ተጠቀሙበት።» በሌላ ቀን! ኬኩ ተጋግሯል፤ ለልጆች በአየር የሚነፋውን መዝለያ የጫነው መኪና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ወልቂጤን አልፎ የጊቤን ቁልቁለት ይዟል፤ የእኛዎቹ ስለ ሌላ ቀን ያወራሉ።

ስለዚህ ከደብዳቤው ሌላ ውል ይኑርሽ። አዳራሹ ለሌላ ጉዳይ ቢፈለግ ከስንት ቀን በፊት እንደሚያሳውቁሽ፣ ገንዘቡም በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ በውሉ ላይ ይጻፍ። አንፈርምም ካሉ አትክፈይ። ውሉን የሚፈርመውም የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ ሳይሆን ኃላፊው ራሱ ይሁን። የእኔን ገንዘብ እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም፤ ዛሬም ከመዝገብ ቤት ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ወደ መዝገብ ቤት እየተባልኩ ነው።

ያን ዕለት ማታ ያዳነኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ርእሰ መምህሩን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። ግቢውን የቆሻሻ መጣያ እንዳናደርገው ቃል አስገቡኝ፤ ለራሳቸውም የምዝገባ ጠረጴዛ በነጻ እንዲሰጣቸው ጠየቁና እሺ አሉ። ድንኳኑን ከሰፈር እድር አገኘሁ። የእድሩ ዳኛ ኪራዩን ከተቀበሉ በኋላ «ግን ሰው ከሞተ እናነሣዋለን» አሉኝ፤ በደረሰኙ ጀርባ ላይም ጻፉት። ሦስቱን ቀን የሰፈሩን አዛውንቶች ጤና እየጠየቅሁ ዋልኩ። ተመስገን፣ ሁሉም ደኅና ከረሙ።

ኩራት አይሁንብኝና ከአዳራሹ ይልቅ ግቢው በለጠ። ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት መንገድ ያውቀዋል፤ የባጃጅ ሹፌሩም ያውቀዋል። ልጆች ሲሮጡ የሚቆጣ የለም። አንቺም አዳራሽ ፍለጋውን ትተሽ ትምህርት ቤት ብትይዢ ይሻልሻል፤ በገና ሰሞን ትምህርት የሚዘጋበትን ቀን ብቻ ጠይቂ።

3. መብራት። አንዳንድ አከራዮች የማይነግሩሽ ነገር አለ፤ መዝለያው አንድ ጊዜ ተነፍቶ የሚቀመጥ አይደለም፣ ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ሲነፋ ይውላል። መብራት ሲጠፋ ከነልጆቹ ይተኛል። የትምህርት ቤቱ መስመር ደግሞ ማራገቢያውን፣ የፈንዲሻ ማሽኑንና የድምፅ ማጉያውን በአንድ ላይ አይችልም። እኔ ማራገቢያውን ለብቻው በጄኔሬተር አድርጌ ከጎኑ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው አቆምኩ፤ ጄኔሬተሩ ድምፁን ሲቀይር ልጆቹን ማውጣት ነው ሥራው። «ለዚህም ሰው ይቀጠራል?» ብለው የሳቁብኝ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ነዳጅ ሲያልቅ ልጆቹ በሙሉ በሰላም ወጡ፤ የሳቀው ሁሉ ዝም አለ። የአውሮፓ የደኅንነት ደረጃ መዝለያ ቢያንስ በ6 ቦታ እንዲታሰር፣ ነፋሱ በሰዓት ከ38 ኪሎ ሜትር ሲበልጥም እንዲዘጋ ያዛል። አከራዩ ሁለት ካስማ ይዞ ከመጣ መልሺው።

የሚንሳፈፍ ፊኛ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ምን ጋዝ እንደሚሞላ ጠይቂ። ሂሊየም አይቃጠልም፤ ውድ ነው። ሃይድሮጅን ርካሽ ነው፤ ግን በሻማ አጠገብ ይፈነዳል፣ የልደት ቦታ ደግሞ ያለ ሻማ አይሆንም። እኔ ሃይድሮጅን የያዘውን ሰው ከበር መለስኩት፤ ተሰደብኩ፣ ግድ የለኝም። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ሕፃን ያንቃልና ከመሬት እያነሣ የሚሰበስብ ልጅ መድቢ።

4. የቦታ ኪራዩን ለሁሉም እኩል አታድርጊው። ቤቷ ውስጥ ኬክ የምትጋግር እናትና የጭነት መኪና ያለው አከራይ እኩል አይከፍሉም። ስትደለድዪም ሁለት ፊኛ ሻጭ ጎን ለጎን አታስቀምጪ፤ በእኔ ባዛር ገና በመጀመሪያው ረፋድ ተጣልተዋል። ደግሞም እንዲህ ያለ ባዛር ገቢው በዕለቱ ከሚሸጠው ሳይሆን ለመጪው ልደት ከሚያዘው ቀጠሮ ነው። ለእያንዳንዱ አቅራቢ የቀጠሮ ደብተርና የቀብድ ደረሰኝ እንዲይዝ በግዴታ ንገሪው። በእኛ ባዛር ብዙ ቀጠሮ የያዘው ማን መሰለሽ? ከአዲስ አበባ የመጡት አይደሉም፤ ለልጆች ዝቅ ያሉ በርጩማዎችና ጠረጴዛዎች ሠርቶ ለኪራይ ያቀረበው የእኛው አናጢ ነው። ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀችው በከንቱ አይደለም። አናጢዎቹን ራስሽ ሄደሽ ጥሪያቸው፤ ማስታወቂያ አንብበው አይመጡም።

አዛን ሲሰማ ድምፅ ማጉያውን ዝጊ። ከረሜላ ሻጮችም ጄላቲኑ፣ ማለትም ከረሜላውን የሚያለሰልሰው ከእንስሳ የሚወጣ ነገር፣ ከየትኛው እንስሳ እንደተሠራ መልስ ይዘው ይምጡ፤ ወላጆች ይጠይቃሉ።

የእድሩን ዳኛ ግን ከአሁኑ አነጋግሪያቸው። ከጥምቀት በኋላ ያለው ሠርገኛ ስለሚይዘው ድንኳኑ ቀድሞ ያልቃል፤ ያቺን የደረሰኝ ጀርባ ጽሑፍም ሳታነብቢ አትፈርሚ።