በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንድ ልጅ ደወለልኝ። አምስት ኪሎ ተምሮ የወጣ፣ ሥራ ከጀመረ ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ ልጅ ነው። ከኋላው የቦይለር ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ አምሽቼ ደወልኩ። አዲስ የገጠምኩት ኮንትሮለር በትክክል አያነብልኝም። ሰንሰሩን በፈላ ውሃ ሞከርኩት፤ 92 ነው የሚለው። ኦፍሴቱ ላይ 8 ልጨምርበት?»

ኮንትሮለር የሰንሰሩን፣ ማለትም የሙቀት መለኪያውን፣ ንባብ እያየ ማሞቂያውን የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ነው። ኦፍሴት ደግሞ በሰንሰሩ ንባብ ላይ የሚደመር ማስተካከያ ቁጥር ነው። ቶሎ አልመለስኩለትም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሄሎ? ጋሼ?» አለ።

«አለሁ። ምንም ነገር አትንካ። ነገ ጠዋት አራት ኪሎ ና» አልኩትና ዘጋሁት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። በ1991 ዓ.ም. እኔም ያቺኑ 8 ጨምሬ ነበር። ማንንም ሳልጠይቅ።

ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበርኩ። ከተግባረ ዕድ ወጥቼ ጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። «እጁ ፈጣን ነው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜበታለሁ። መሀል ከተማ ውስጥ አንዲት አነስተኛ ወተት ማቀነባበሪያ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ዛሬ የለችም። ወተቱ የሚሞቀው ድርብ ግድግዳ ባለው የብረት ታንክ ውስጥ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል እንፋሎት ይገባል። ወተቱ 63 ዲግሪ ሲደርስ 30 ደቂቃ እዚያው ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። 63 ዲግሪና 30 ደቂቃ ዝም ብለው የተመረጡ ቁጥሮች አይደሉም። ከጥሬ ወተት ጋር የሚመጡትን የከብት ሳንባ ነቀርሳንና ሌሎች በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን የሚገድሉ ናቸው።

እኔ እስክመጣ ድረስ ይህን ሁሉ የሚሠሩት አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። የእንፋሎቱን ቫልቭ በእጃቸው ይከፍታሉ፣ በእጃቸው ይዘጋሉ። ታንኩ ጎን ላይ አንድ ያረጀ ባለ ቀስት ቴርሞሜትር ነበረ። እሱን አይተው፣ የታንኩን ሆድ በመዳፋቸው ዳስሰው፣ የእንፋሎቱን ድምፅ አድምጠው ነበር የሚሠሩት። ባልዲያቸው ሁልጊዜ ያብረቀርቅ ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ ስለምመለስበት ነው።

እኔ የተጠራሁት ይህን ሥራ «ዘመናዊ» ለማድረግ ነው። ፓነሉን በስቼ ኮንትሮለሩን ገጠምኩ። ፒቲ 100 የሚባለውን፣ ሙቀት ሲጨምር የኤሌክትሪክ መቋቋሙ የሚጨምረውን ሰንሰር በሦስት ሽቦዎቹ አሰርኩ። በሪሌይ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል የእንፋሎቱን ሶሌኖይድ ቫልቭ፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አገናኘሁ። የሰንሰሩን ዓይነት መረጥኩ፣ ሴት ፖይንቱን (እንዲደርስ የሚፈለገውን ሙቀት) 63 አልኩት፣ አላርሙን ሞላሁ። እስከዚህ ድረስ አንድም ስህተት አልነበረም፤ ዛሬም በዚያ ሥራ አላፍርም።

ከዚያ «ልፈትሸው» አልኩ። መፈተሹ ጥሩ ነበር። ውሃ በብረት ድስት ምድጃ ላይ ጣድኩና ሲንተከተክ ሰንሰሩን ከተትኩበት። ወጣ፣ ወጣና 92 ላይ ቆመ። ጠበቅሁ። ንቅንቅ አላለም። ውሃ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ ሰንሰሩ 8 ዲግሪ ይዋሻል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኦፍሴት የሚለውን ገብቼ 8 ጻፍኩ። ቁጥሩ ወዲያው 100 ሆነ። ደስ አለኝ። እንዲህ ሲሆን እንዴት ደስ እንደሚል ሥራው ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

በማግስቱ ወተት ገባ። ኮንትሮለሩ 63 አለ፣ እንፋሎቱን ዘጋ። አሮጌው ቴርሞሜትር ግን 55 ነው የሚለው።

እትዬ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። ታንኩን ዳሰሱ።

«ልጄ፣ ወተቱ ቶሎ ደረሰ። እንፋሎቱም ዛሬ ቶሎ ዝም አለ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ማሽን ነው። እጅ ቴርሞሜትር አይደለም» አልኳቸው። ሠራተኞች እየሰሙ። ከዚያ ያንን ባለ ቀስት ቴርሞሜትር ፈትቼ አወጣሁና «ይኼ ነው የተበላሸው» ብዬ ቁርጥራጭ ብረት የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ጣልኩት። እትዬ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ባልዲያቸው ሄዱ።

ሳምንት ሳይሞላ ወተቱ መመለስ ጀመረ። የፒያሳና የአራት ኪሎ ማኪያቶ ቤቶች ናቸው የመለሱት። «ገና ስናፈላው ይበጣጠሳል» አሉ። የድርጅቱ ኃላፊ መጣ። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ኤሌክትሪኩ አዲስ ነው። ያረጀው እትዬ ብቻ ናቸው። «ዕቃ በደንብ አይታጠብም» ተባለ። ከታንኩ አንስተው ዕቃ አጠባ ላይ መደቧቸው፤ ከደመወዛቸውም ቆረጡ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እውነት ለመናገር ያኔ እኔም ጥፋቱ የእሳቸው መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቤቴ ነው። አክስቴ ከድሬዳዋ ለጥየቃ መጥተው ወጥ ቤት ውስጥ ይማረራሉ። «እዚህ አገር ምስር እንኳ አይበስልም። ውሃችሁ ይፈላል እንጂ አያበስልም» አሉ። እኔ ራት እየጠበቅሁ ነበር። ያቺ ንግግር እንደ ቀላል ገብታ ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ውሃው ይፈላል እንጂ አያበስልም።

ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ የአየሩን ግፊት ሲያሸንፍ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ለዚህ 100 ዲግሪ ያስፈልገዋል። ወደ ከፍታ በወጣን ቁጥር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይወርዳል። መሀል አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አካፍሉት፤ 8 ይመጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ ውሃ በ96 አካባቢ ይፈላል። አክስቴ ይህን ያወቁት ከምስር ነው። እኔ ተምሬው አላወቅሁትም።

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ጠዋት ከሰፈር ግሮሰሪ በረዶ ለመንኩ። በጨርቅ ጠቅልዬ ሰባበርኩት፣ ትንሽ ውሃ ጨመርኩበት፣ ፋብሪካ ሄጄ ሰንሰሩን ከተትኩበት። በረዶና ውሃ አብረው ሲሆኑ 0 ነው፤ አዲስ አበባም ሆነ ምፅዋ። ኮንትሮለሩ 8 አለኝ።

ለ19 ቀን ወተቱ በ55 ዲግሪ ነበር «የሚበስለው»። ያ ወተት የት የት እንደደረሰ፣ ስንት ሕፃን እንደጠጣው አላውቅም። ከሁሉ በፊት መጮህ የነበረብኝ በዚህ ነበር። አልጮህኩም። ዙሪያዬን አየሁ፣ ማንም የለም። ኦፍሴቱን ወደ 0 መለስኩ፣ ፓነሉን ዘጋሁ፣ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱ መመለሱ ቀረ። ኃላፊው ምን አለ መሰላችሁ? «አያችሁ፣ ሴትዮዋን ስናነሳ ተስተካከለ።»

ይህንንም ሰምቼ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ወር እትዬ ሥራቸውን ለቀቁ።

ይህን ሁሉ ለዚያ ልጅ ረቡዕ ጠዋት አራት ኪሎ ነገርኩት። ማኪያቶው ቀዘቀዘበት። እናንተም ምክር ፈልጋችሁ ይሆናል የምታነቡት፤ ያለኝን ልበላችሁ። መብራት ሳታጠፉ ፓነል አትክፈቱ፣ ምናምን የሚለውን አልደግምም፤ ታውቁታላችሁ።

ኦፍሴት አትንኩ። ኮንትሮለር የሚያየው የነገራችሁትን ብቻ ነው፤ ውሸት ከነገራችሁት ውሸቱን በትጋት ይሠራበታል። እርግጥ እኔ ራሴ ዛሬም ኦፍሴት አስገባለሁ። ግን በበረዶ ፈትሼ፣ በሌላ አስተማማኝ ቴርሞሜትር አመሳክሬ፣ ሰንሰሩን ነቅዬ ኦሙን (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን) ለክቼ ነው። ፒቲ 100 በበረዶ ውስጥ 100 ኦም መሆን አለበት። በእኛው የፈላ ውሃ ውስጥ 135 ኦም ተኩል ገደማ ይሰጣል። ይህን ካገኛችሁ ሰንሰሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ ሽቦው ላይ ነው። ሦስተኛውን ሽቦ ትቶ በሁለቱ ብቻ የሚያስር ሰው አጋጥሞኛል። እንዲህ ሲሆን የሽቦው እያንዳንዱ 1 ኦም ወደ 2.6 ዲግሪ የሚጠጋ ውሸት ይጨምራል። ረጅም ሽቦ ከሆነ አስቡት።

ኦቶ ቲዩን፣ ኮንትሮለሩ ራሱን ከታንኩ ጋር የሚያስማማበት ቁልፍ፣ ላይም አንድ ነገር ልበል። ልጁም «ጋሼ፣ አሁን እኮ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ግን ቁልፉ የሚሠራው የድሮውን ሥራ ነው። ዚግለርና ኒኮልስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሥርዓቱን እያወዛወዙ ከውዝዋዜው የኮንትሮለሩን ቁጥሮች የማውጣትን መንገድ አሳይተዋል። የዛሬው ቁልፍም የታንኩን ሙቀት ከፍ ዝቅ አድርጎ ነው የሚማረው። ባዶ ታንክ ላይ ከተጫናችሁት ስለ ባዶ ታንክ ይማራል። 500 ሊትር ሲሞላበት ግራ ይገባዋል። ሞልታችሁ አስተምሩት።

የመብራቱን ነገርም አትርሱ። ከተማችን ውስጥ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ኮንትሮለሩ መብራት ሲመለስ በምን ሁኔታ እንደሚነሳ አስቀድማችሁ ወስኑ። አንዳንዱ ካቆመበት ይቀጥላል። አንዳንዱ በማንዋል፣ ማለትም ሰው በእጁ እስኪያዘው በሚጠብቅበት ሁኔታ፣ ይነሳል፣ ማንም ሳያየው ያድራል። ሌላም አለ። ኮንትሮለሩ በባትሪ በርቶ ቦይለሩ ከጠፋ፣ ሙቀቱ ከፍ ስለማይል በውስጡ «ጨምር፣ ጨምር» እያለ ያጠራቅማል። እንፋሎቱ ሲመለስ ከሴት ፖይንቱ አልፎ ይሄዳል።

የዛሬ ልጆች አንድ የማልወድላችሁ ነገር አለ። ፓነሉን በስልክ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ቪዲዮ ታያላችሁ፤ ቧንቧውን ግን አትዳስሱም። ማሽኑ ጋ ዕድሜውን የፈጀውን ሰው ቀና ብላችሁ አታዩትም። እንዲህ ብዬ ለልጁ ተቆጣሁት። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። እሱ ማታ በሦስት ሰዓት ደውሎ ጠይቆኛል። እኔ በእሱ ዕድሜ ማንን ጠየቅሁ? ስልክ አልነበረኝም ልበል? እትዬ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ።

ስለዚህ ይህንን አጥብቄ ነው የምለው። ያስገባችሁትን እያንዳንዱን ቁጥር ጻፉ፤ ቀኑን፣ የነበረውን፣ የሆነውን፣ ለምን እንደቀየራችሁት። ወረቀቱን የፓነሉ በር ውስጥ ለጥፉ። ስልካችሁ ውስጥ አይደለም፤ ስልኩ ከእናንተ ጋር ይሄዳል። ያን ጊዜ ያቺ 8 ወረቀት ላይ ብትኖር ኖሮ፣ ከእኔ በኋላ የመጣ ማንኛውም ባለሙያ በአንድ እይታ ይደርስባት ነበር። እኔም ሳልጽፋት በመቅረቴ ነው ሳልታይ ማጥፋት የቻልኩት። የድሮውን መለኪያ ደግሞ አትንቀሉ። ከአዲሱ ጋር ካልተስማማ ደስ ይበላችሁ፤ አንዱ እየነገራችሁ ነው።

ልጁ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «እትዬን ከዚያ በኋላ አግኝተዋቸው ያውቃሉ?» አለኝ።

አንድ ጊዜ። ወሩ ትዝ አይለኝም፤ ቀኑ 23 ነበር። አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ላይ ተገናኘን። ጎብጠዋል። እኔ ነኝ የሸሸሁት፤ እሳቸው ናቸው የጠሩኝ። ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። «ማሽንህ ደህና ነው?» አሉኝ። የምር ነው የጠየቁኝ። «ደህና ነው እትዬ» አልኳቸው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰው ግር ብሎ እየወጣ ነው፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ቆሟል፣ «ሌላ ቀን» አልኩ። ከዚያ ቆመው መረቁኝ። «እጅህ ይባረክ፣ ከክፉ ይሰውርህ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ሌላ ቀን አልመጣም። ሰፈራቸው የነበረው የፒያሳ መንደር ፈርሷል፤ ሰዉ ወዴት ወዴት እንደተበተነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በ1991 ዓ.ም. እናታችሁ ወይም አያታችሁ መሀል ከተማ ወተት ቤት ይሠሩ የነበረ፣ «ዕቃ አላጠቡም» ተብለው ከታንኩ የተነሱ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጊዮርጊስ ደጃፍ ክንዳቸውን ይዘህ የቆምከው ልጅም ይህን የምታነብ ከሆነ፦ ወተቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የእናትህ ባልዲ ንጹሕ ነበር።