አባት ሲሞት መርዶውን አታቆዩት

ወገኖቼ፣ ይሄን የምጽፈው እስራኤል ላላችሁ፣ ከዚያም አልፋችሁ አሜሪካና አውሮፓ ለገባችሁ ቤተ እስራኤሎች ነው። በተለይ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ወንድም እህት ላላችሁ።

አባቴን የቀበርነው እዚህ እስራኤል ነው። ታናሽ ወንድሜ ያን ጊዜ ጎንደር ሆኖ ወደ እስራኤል የሚገባበትን ተራ እየጠበቀ ነበር። ሽማግሌዎቹ መከሩና «ልጁ ብቻውን ነው፣ ማን ይደግፈዋል፣ አጎቱ ከገጠር እስኪመጣ ይቆይ» አሉ። አጎታችን ሲደርስ አባቴ ከተቀበረ 38 ቀን ሆኖት ነበር።

ክፋት የለበትም። እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልደው ሄደው፣ የሚይዘው ሰው ጎኑ ቆሞ ነው የሚነገረው። እኔ በስልክ ነው የተነገረኝ፣ ሥራ ቦታ ቆሜ፣ ከማላውቀው ሰው፣ ስለዚህ ወጉን የሚንቅ ሰው አይደለሁም።

ግን በሃይማኖታችን ሐዘን ቁጥር አለው። ከቀብር በኋላ ሺቫ፣ ማለትም ቤት ተቀምጦ ማዘን፣ 7 ቀን ነው፣ ከዚያ እስከ 30 ይቆጠራል፣ ለአባትና ለእናት ደግሞ እስከ 12 ወር ይዘልቃል። መርዶው በ30 ቀን ውስጥ ከደረሰው ልጁ ከሰማበት ቀን ጀምሮ ሰባቱን ሙሉ ይቀመጣል። 30 ካለፈ ግን ሰባቱ ቀረ፣ የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ወንድሜ ረቢ አስጠይቆ ይሄንኑ ነገሩት። ሸሚዙን በግራ በኩል፣ በልቡ ላይ ቀደደ፤ ለአባትና ለእናት የሚቀደደው በዚያ በኩል ነው። ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰዓቱ ሲሞላ ጎረቤቱ እጁን ይዞ አስነሳው። ማታ ደውሎ «አባዬን በአንድ ሰዓት ጨረስኩት?» አለኝ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም።

ስለዚህ አደራ፣ መርዶውን አታቆዩት። ወጉንም መተው የለባችሁም። በቀብሩ ቀን እዚያ ላለ የቤተ እስራኤል ቄስ ወይም ለሚከበሩ ጎረቤት ደውሉ፣ እሳቸው በማግስቱ ማልደው ሄደው ያርዱት። እስከዚያ ማንም ሰው ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጥፍ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ በዚህ የተጎዳ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ቃዲሽንም፣ ሐዘንተኛ የሚለውን ጸሎት፣ አስቀድማችሁ ተማሩ። አሥር ወንድ ይፈልጋል፣ ቋንቋው አራማይክ ነው፣ ብዙዎች ዘንድ ልጅ ለአባቱ 11 ወር ይለዋል። እስከ 12 ወር የማይዘልቀው፣ የክፉ ሰው ፍርድ 12 ወር ነው ስለሚባል ነው፤ ልጅ አባቱን ከክፉዎች አይቆጥርም። ደግሞ ቃዲሽ ውስጥ ስለ ሞት አንድም ቃል የለም። የፈጣሪን ስም ማክበር ነው። እኔ መጀመሪያ ፈርቼው ነበር፤ «ይትጋዳል ቬይትቃዳሽ» የሚለውን ስሰማ ግን የቄሶቻችን ግዕዝ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ ይትቃዳሽና ይትቀደስ ምን ያህል ይራራቃሉ? እዚህ አዝካራ የሚሉትም ቢሆን የእኛው ተዝካር ዘመድ ነው። ባዕድ ነገር አይምሰላችሁ።

ስለ ውርስ ደግሞ ልንገራችሁ። አባቶቻችን ርስት አልነበራቸውም። ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ርስት እንደተነፈግን ነው የሚተረከው። የሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸማ እየሠሩ ኖሩ። ታዲያ ለልጅ የሚተላለፈው ምን ነበር? ሙያው፣ ኦሪቱና የዘር ቆጠራው። እስከ ሰባት ቤት የማይቆጥር ልጅ ማንን ማግባት እንደሚችል እንኳ አያውቅም ነበር።

እዚህ ስንገባ መዝጋቢው የአንዱን አያት ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ጻፈ፣ ለልጆች የዕብራይስጥ ስም ሰጠ። የአባቴ መታወቂያ ላይ ያለው ስም እናቱ ያወጣችለት አይደለም። ሐውልቱን ስናሠራ ሠራተኛው የመታወቂያውን ብቻ ሊቀርጽ ነበር። እምቢ አልን። ሁለቱም ስም አለበት፣ አንዱ በዕብራይስጥ፣ አንዱ በፊደላችን። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ያረፈበትን ቀን በዕብራይስጥ አቆጣጠር ያዙት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ካረፈ የሚቆጠረው የማግስቱ ቀን ነው። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲጓዙ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ ብዙዎቹ የት እንደተቀበሩና በየትኛው ቀን እንዳረፉ አይታወቅም፤ ለዚህ ነው በኢየሩሳሌም ቀን፣ በኢያር 28፣ ሄርዝል ተራራ ላይ በአንድነት የምናስባቸው። ቀኑን የምታውቁ ሰዎች ጻፉት።

ከሁሉም በላይ ግን አባታችሁ በሕይወት እያለ ጠይቁት። ያዕቆብ ልጆቹን አልጋው አጠገብ ሰብስቦ ለእያንዳንዱ ቃል ሰጠ፣ በግብፅ አትቅበረኝ ብሎም ዮሴፍን አስማለው። ኑዛዜ ማለት የቤትና የባንክ ወረቀት ብቻ አይደለም። «ምን አደራ ትለኛለህ» ብሎ መጠየቅ ሞት መጥራት መስሏችሁ አትፍሩ። ሴት ልጆችም ጠይቁ፤ በእኛ ቤት የጠየቀችው ሴት ልጄ ናት።

ባረፈበት ዓመት ፋሲካ ነበር። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ «አያያ፣ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አለችው። በጣቱ ጀመረ። አምስተኛው ድረስ ሳያቆም ሄደ። ስድስተኛው ላይ ቆመ። ውሃ ጠየቀ፣ ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ስልኩ ላይ የሚሰማው የብርጭቆው ድምፅና የእሱ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ ስሙን አወጣው፣ ወገራ የተቀበረበትን ቦታ ጭምር። ሰባተኛውን ተከትሎ አለው።

ወንድሜ ባለፈው ዓመት ገባ። ከአየር ማረፊያ እንደመጣን ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ያን ቅጂ አምጡልኝ አለ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ እየመለሰ ሦስት ጊዜ ሰማው።