በቁልቁለት ብቻ የሚነሳ ሞተር

ልጆቼ፣ ደሴ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሁሌም የማየው ነገር አለ። አንዱ ወጣት አሮጌ ሞተሩን ሲረግጥ፣ ሲረግጥ ይቆይና ላብ ሲያጠምቀው ወደ ቁልቁለቱ ይገፋዋል። ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ያደርጋል፣ ተነሳ! ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ቁልቁለት አይጠፋባትም፤ በዚህ ዘዴ ለዓመታት ማዝገም ይቻላል። ጉዱ የሚወጣው ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሲጠፋ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የመሥሪያ ቤት ሞተሮችን ስጠግን ነው። የግብርና ባለሙያዎች ገጠር የሚወጡባቸው ያማሃዎች አብዛኞቹ በእጄ አልፈዋል። ከዚያ ሥራ የያዝኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሞተሩ እንዴት እንደተነሳ ራሱ በሽታውን ይናገራል።

በእግር ስትረግጡት ሞተሩ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ሲገፋ ይፈጥናል። ብዙዎቹ አሮጌ ትንንሽ ሞተሮች እሳት የሚያገኙት ከማግኔት ነው፤ ማግኔቱ በፈጠነ ቁጥር እሳቱ ይበረታል። ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቆ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀውን አየር፣ የሚያፈስ ሞተርም በፍጥነት ሲዞር ለማፍሰስ ጊዜ ያጥረዋል። ስለዚህ ሲረገጥ እምቢ ብሎ ሲገፋ እሺ የሚል ሞተር፣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ እሳቱ ደክሟል ወይ ኮምፕሬሽኑ። የናንተ ጓደኞች ግን ካቻቢቴ ይዘው መጀመሪያ የሚሮጡት ቤንዚንና አየር ወደሚቀይጠው ካርቡራተር ነው። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

ከመፍታታችሁ በፊት የሚያሳፍሩትን ነገሮች እዩ። እጀታው ላይ ያለው ማጥፊያ ተዘግቶ ይሆን? የቤንዚኑ መክፈቻስ? ታንኩ አንሶ ሪዘርቭ ላይ ማዞር ረስታችሁ ይሆን? አትሳቁ፣ ስንቱ በመኪና ተጭኖ ጋራዥ መጥቶ በአንዲት ጣት ተነስቷል።

ከዚያ እሳት የሚያፈልቀውን ካንዴላ አውጡና መልኩን አንብቡት። ስትረግጡት ቆይታችሁም ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ከረጠበ ቤንዚን አለ፣ እሳት ግን የለም፤ ወይም በቾክ (አየሩን በሚያጠበው መዝጊያ) ቤንዚን አብዝታችሁ አስክራችሁታል። ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ ፊልትሮው ታፍኗል። ቡኒ ከሆነ ጤነኛ ነው። አሁን ካንዴላውን በገመዱ ጫፍ ያለው ኮፍያ ውስጥ መልሱና ብረቱን ከሲሊንደሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ ርገጡት። ከቀዳዳው ራቅ አድርጉት፣ የሚተፋው ቤንዚን ሊቀጣጠል ይችላል። ኮፍያውንም በባዶ እጅ አትያዙ፣ ይነዝራል። ሰማያዊ ሆኖ ጠቅ ጠቅ የሚል እሳት ጥሩ ነው። ቢጫና የሳሳ ከሆነ መጀመሪያ ካንዴላ ቀይሩ፤ ርካሹ እሱ ነው። ካልተሻለ ኮፍያውን፣ ገመዱን፣ ቦቢናውን (የእሳቱን ጥቅል ሽቦ)፣ ፑንቲና (እሳቱን የሚያቋርጠው መነካኪያ) ያለው ከሆነም ፑንቲናውን በተራ ፈትሹ። አንድ ነገር ቀይራችሁ ሞክሩ እንጂ ሦስቱን ባንዴ አትቀይሩ፤ የቱ እንዳዳነው ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ውኃ ይኖርበታል፣ ላምባ ይቀየጥበታል። ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጋችሁ በንጹሕ ብርጭቆ ጥቂት አፍሱ። ውኃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ምንም ካልፈሰሰ የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ ድገሙት፤ ያኔ ከፈሰሰ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ለወራት የቆመ ሞተር ከሆነ ግን አሮጌ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ስለሚይዘው ማጠብ ግድ ነው።

የኛ አገር ከፍታም አለበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ አየሩ ይሳሳል፤ ታች የተስተካከለ ካርቡራተር ላይ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል። በዚያ ላይ የደሴ ብርድ ጠዋት ቾክ ያስፈልገዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን መመለስ የሚረሳ ሰው ሰግዶ ሲመለስ ሞተሩ እንቢ ይለዋል። እንዲህ ከሰከረ አብሽሩ፤ የቤንዚኑን መክፈቻ ዝጉ፣ ቾኩን መልሱ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥጉ ጠምዝዛችሁ ደጋግማችሁ ርገጡት።

እሳቱም ቤንዚኑም ደህና ከሆኑ ኮምፕሬሽን ቀረ። ካንዴላው በወጣበት ቀዳዳ ላይ አውራ ጣታችሁን ጫኑና ሰው ያስረግጥላችሁ። ጣታችሁን ገፍቶ ካላስለቀቀ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። አራት ምት ከሆነ ግን ሲሊንደር ከመክፈታችሁ በፊት የቫልቩን (አየር የሚያስገባና ጭስ የሚያስወጣውን በር) ክፍተት አስለኩ። ለምሳሌ በሆንዳ ሲጂ 125 ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ከጠበበ ቫልቩ በደንብ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፣ በተለይ ሲሞቅ። ይሄ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሲሊንደር ማስከፈት ደግሞ የወር ደመወዝ ይበላል። መካኒኩ «ፒስቶን ይቀየር» ካላችሁም የወጣውን ዕቃ ልይ በሉት፤ ደህና ባለሙያ በዚህ አይቀየምም።