መጀመሪያ ቤቱን አሽቱት

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት ብቻ አራት ወጣቶች ደብረ ብርሃን ያለው ቤቴ ድረስ መጥተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ጓሯችን ውስጥ ባዶ ክፍል አለች። ቢራ ልንጠምቅባት አስበናል። አሠራሩን ያሳዩን።" እኔም ለሁሉም በጥያቄ መለስኩላቸው። "ያጠባችሁበት ውሃ በየት በኩል ይወጣል?" አንዳቸውም አላሰቡበትም ነበር። ድስት ገዝተዋል። ብቅል አፈላልገዋል። ስልካቸው በቪዲዮ ተሞልቷል። ውሃው ግን መውጫ የለውም።

ይህን የምጽፈው ለእነሱም፣ እንደ እነሱ ለምታስቡ ለሌሎቻችሁም ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሠራሁት በቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የተበላሸ ቢራ ሲያጋጥመን ምክንያቱን ፍለጋ እንሄዳለን። ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ብቅሉ ጋ አልነበረም፤ በደንብ ያልታጠበ ቧንቧ ጋ ወይም ውሃ የቋጠረ ጥግ ጋ ነበር። ስለዚህ ስለ ቤቱ ላውራችሁ።

እናቴ የሞጃና ወደራ ሰው ነበረች። ለሚካኤል ማኅበር ጠላ ስትጠምቅ ከሁሉ በፊት የምትይዘው ጋኑን ነው። በግራዋ ቅጠል ውስጡን አጥብቃ ታሸዋለች። ታለቀልቀዋለች፤ እንደገና ታሸዋለች። ከዚያ የወይራ እንጨት አጭሳ ጋኑን ጭሱ ላይ ትደፋዋለች። ጭሱ ሲያልቅ ታቃናውና ጭንቅላቷን እስከ አንገቷ አስገብታ ታሸታለች። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃለሁ። ትንሽ የኮመጠጠ ነገር ከሸተታት አትናገርም። ብድግ ብላ ሌላ ግራዋ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ጌሾውም ብቅሉም አሻሮውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል እንጂ ጋኑ ሳይጸዳ የሚጠነሰስ ነገር የለም።

ፋብሪካ ስቀጠር አለቃዬ በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። ታንኩ ከታጠበ በኋላ የመጨረሻውን የማጠቢያ ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ማሽተት። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ቢራ የሚታመመው ባልተፈለጉ ጥቃቅን ሕዋሳት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1876 ጽፎ አሳይቷል። በ1883 ደግሞ ኮፐንሃገን ባለው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሀንሰን የሚባል ሰው አንድን የእርሾ ዘር ለብቻው አውጥቶ አራባ። የዛሬው የቢራ ኢንዱስትሪ የቆመው በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ላይ ነው። እናቴ ስለ ሁለቱም ሰምታ አታውቅም። ግን የያዘችው መንገድ ትክክል ነበር። እናንተም ከእሷ መጀመር ትችላላችሁ።

እንግዲህ ወለሉ። 3 በ4 ሜትር የሆነች ክፍል ለ20 ሊትር ሥራ ከበቂ በላይ ናት። ወለሉ ሊሾ ይሁን። በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አንድ ጥግ ያዘንብል፤ እዚያ ጥግ ላይ የፍሳሽ ቱቦ ይኑር። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ጥግ ግንበኛው በሲሚንቶ ድቡልቡል አድርጎ ይሙላው። ቀጥ ያለ ጥግ ቆሻሻ ይይዛል፤ መጥረጊያም አይገባውም። አፈር ወለል ላይ ስትሠሩ የፈሰሰው ጣፋጭ የብቅል ጭማቂ ወደ ውስጥ ይሰርግና በሳምንቱ ቤቱ ራሱ ይኮመጥጣል። ገንዘብ ካጠራችሁ ከድስቱ ቀንሱና ወለሉ ላይ አውሉት። ድስት ከጎረቤት መዋስ ይቻላል።

ግድግዳው ላይ ግን ረዘም አድርጌ ላቆያችሁ። እኔ ራሴ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀን ግን ፀሐዩ ያቃጥላል። ጡረታ እንደወጣሁ ጓሮዬ ውስጥ በቆርቆሮ ብቻ የተሠራች ክፍል ነበረችኝ። ኅዳር ላይ እዚያ ጠመቅሁ። ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ከሜዳው እኩል ይቀዘቅዛል። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በርሜሉ ላይ የለጠፍኩት ቴርሞሜትር 6 ዲግሪ ይል ነበር። ከላይ፣ ፈሳሹ አናት ላይ፣ የሚብላላው እርሾ የሚፈልገው ከ18 እስከ 22 ነው። እርሾው ተኛ። አረፋው ጠፋ። እኔ ደግሞ አለቀ ብዬ አሰብኩ። ቢራው ውስጥ የቀረውን ስኳር የምለካበት ሃይድሮሜትሬ ተሰብሮ ስለነበር ሳልለካ በ60 ጠርሙስ ቀዳሁትና ማድቤት ውስጥ፣ እንጀራ የሚጋገርበት ምድጃ አጠገብ ደረደርኩት። ሙቀቱ እርሾውን ቀሰቀሰው። ያልተበላው ስኳር ጠርሙስ ውስጥ መብላላት ጀመረ። የጥምቀት ሰሞን አንድ ሌሊት እንደ ጥይት ጮኸ። ስንገባ የጠርሙስ ስባሪ የጭቃው ምርጊት ውስጥ ተሰክቶ አገኘነው። የልጅ ልጄ ቀን ቀን የምትጫወተው እዚያው ነበር። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ዕድሜ ልኬን ይህንኑ ስለካ የኖርኩት ሰው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ሳትለኩ ጠርሙስ ውስጥ አትክተቱ። ሃይድሮሜትሩ ሦስት ቀን ተከታትሎ አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየ ያኔ አልቋል። ለጋዙ ብላችሁ የምትጨምሩት ስኳር በሊትር 6 ግራም ያህል ነው፤ ለ20 ሊትር 120 ግራም። በእፍኝ የሚገመት ነገር አይደለም። የቢራ ጠርሙስ እንጂ ስስ ጠርሙስም አትጠቀሙ። "ጋን በጠጠር ይደገፋል" የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከ20 ሊትሩ ድስት ይልቅ ሁለቱ ቀጫጭን ብርጭቆዎች፣ ቴርሞሜትሩና ሃይድሮሜትሩ፣ ይበልጥ ያስፈልጓችኋል።

ቆርቆሮውን ደግሞ ተዉት። መንዝ ሂዱና የድሮዎቹን የድንጋይ ቤቶች እዩ። ወፍራም ድንጋይ፣ ጭድ የገባበት የጭቃ ምርጊት። እንዲህ ያለው ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይወስዳል፤ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል። ክፍላችሁ ቆርቆሮ ከሆነች ከውስጥ በጭቃና በጭድ አስመርጓት፤ ኮርኒስም ይግባላት። በርሜሉን ውሃ የተሞላ ሰፊ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው ሙቀቱ በአንዴ እንዳይዋዥቅ ያደርጋል። አንዳንዶቻችሁ "ብርዱ ለላገር፣ በብርድ ለሚብላላው ቢራ፣ ይመቻል" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ሱቅ ውስጥ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ቢራዎች ላገር ናቸው፤ የላገር እርሾም በ10 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ግን የሚፈልገው ለሳምንታት የማይነቃነቅ ብርድ ነው። የእኛ ብርድ ደግሞ ጠዋት መጥቶ ረፋድ ላይ ይሄዳል። ለጀማሪ ከላይ የሚብላላው ይሻላል።

የከፍታው ነገር ሌላም ጣጣ አለው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ 96 ገደማ ይደርሳል። ሆፕስ፣ ለቢራ እንደ ጠላው ጌሾ የሆነው አበባ፣ ምሬቱን የሚሰጠው በሙቀት ስለሆነ፣ ቆላ ላይ 60 ደቂቃ የሚበቃው እኛ ጋ አይበቃም። እኔ 90 ደቂቃ አፈላለሁ። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ስትዘፈዝፉ ግን ከፍታ ለውጥ አያመጣም፤ ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያዙት። ከ75 ካለፈ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

አሁን ስለ አየር። ይህን ሳትዘልሉ አንብቡልኝ። 20 ሊትር ሲብላላ ከ400 ሊትር ያላነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ከወለሉ ከፍ ብሎ ሳይሆን ወለሉ ጋ፣ ሌላው ከጣሪያው ሥር ይሁን። ሁለቱንም በደቃቅ ወንፊት ሸፍኑ፤ ትንንሾቹ ዝንቦች ኮምጣጤ የሚያደርገውን ባክቴሪያ ይዘው ይመጣሉ። ማለዳ ስትገቡ በሩን ወለል አድርጋችሁ ከፍታችሁ ትንሽ ቆዩ። ልጆች ብቻቸውን አይግቡ።

ከሰል ደግሞ በፍጹም። ብርዱ ሲጠና "እርሾው እንዲሞቀው" ብሎ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን የሚዘጋ አይጠፋም። በአገራችን በዝግ ቤት ከሰል ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ ታውቃላችሁ። ከከሰል የሚወጣው ጋዝ ሳይታይ ሳይሸት ይገድላል። የምታፈሉት በጋዝ ከሆነ ደጅ፣ ከላይ ክዳን ያለበት ቦታ ይሁን። በኤሌክትሪክ ከሆነ የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው፤ ሶኬቱ ከፍ ብሎ ይተከል፤ ኧርዙን ባለሙያ ይይላችሁ። እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ ነው የምትሠሩት።

ለማጽዳት በረኪና ይሠራል። ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ። የበረኪናው ሽታ ካልለቀቀ ቢራችሁ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አታቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። የቧንቧ ውሃም ክሎሪን ስላለው ክፍት ባልዲ ላይ ያድር። ደግሞ በረኪና የሚሠራው አስቀድሞ የታጠበ ነገር ላይ ብቻ ነው። ቆሻሻ ላይ በረኪና ማፍሰስ ድካም ነው። የበርሜሉን ቧንቧ ሁልጊዜ ፍቱት። ከውጭ አብረቅርቆ ክሩ ውስጥ ግራጫ ዝቃጭ የያዘ ቧንቧ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

መስኮቱ ትንሽ ይሁን። ሆፕስ ያለበት ቢራ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ቶሎ ይበላሻል። ቡናማ ጠርሙስ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ነገ ልትሸጡ እንደምታስቡ አውቃለሁ። አገሩ የገብስ አገር ነው፤ ከተማዋም ሁለት የቢራ ፋብሪካ አላት፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ለቤት መጥመቅና ለገበያ ማቅረብ አንድ አይደሉም። ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1112 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ለራሳችሁም ቢሆን፣ ሥራውን የምትወዱት ለመጠጡ ብላችሁ ከሆነ አትጀምሩት። በሙያዬ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ልጆች በዚህ ምክንያት ሲቀሩ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ክፍሏ ስታልቅ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ሞክሩ። 20 ሊትር ውሃ አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ በርሜል ውስጥ ጨምሩ፣ በጠርሙስ ቅዱ፣ ሁሉንም እጠቡ። የት ቦታ እንደሚጠብባችሁ፣ ውሃው የት እንደሚቆም ያኔ ታያላችሁ። ብቅል ሳይባክን ቤቱን ታስተካክላላችሁ።

የመጀመሪያው ቢራ ሲደርስ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ይዛችሁ ሰፈራችሁ ውስጥ ጠላ የሚጠምቁ እናት ጋ ሂዱ። "እማማ፣ እስኪ ይዩልን" በሏቸው። ቶሎ አይቀምሱትም። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል። ፊታቸውን ካጨማደዱ አትከራከሯቸው፤ ወደ ቤት ተመለሱና የበርሜሉን ቧንቧ ፍቱት።